«ቀጭን» ተብሎ ስለተደፋው ወተቴ

ለተከበሩ የእናት ወተት ምርመራ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ቤተሰብዎ ደህና፣ ወንበርዎ ምቹ፣ ከሁሉም በላይ ማሽንዎ ከጉንፋን እንኳ የተጠበቀ ይሆን ዘንድ ምኞቴ ነው። እኔ ቆሜ ከመዋሌ በቀር ደህና ነኝ። ቆሜ ስል ለማሳመር አይደለም፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በአራስ ሕፃናት ማቆያው ኮሪደር ወረቀቴን የመስኮቱ ደፍ ላይ አስደግፌ፣ ጥቂት በጻፍኩ ቁጥር እስከ ደረጃው ሄጄ እየተመለስኩ ነው። መቀመጥ ካቃተኝ ሰንብቷል፤ ጽሑፌ ወዲያ ወዲህ ቢልብዎ እግሬን ተከትሎ ነውና ይቅር ይበሉኝ።

ማን እንደሆንኩ ላስታውስዎ። በማቆያው ስሜን የሚጠራ የለም፤ የልጄ የመስታወት ሣጥን መስኮቱ ሥር ስለሆነ «የመስኮቷ እናት» እባላለሁ። ከመውለዴ በፊት ግን ሥራ ነበረኝ። ፍርድ ቤት ደጃፍ ጠረጴዛ ዘርግቼ ለባለጉዳይ ማመልከቻ እጽፋለሁ። የሰውን ብሶት በአክብሮት ቋንቋ አሽሞንሙኖ ማቅረብ መተዳደሪያዬ ስለሆነ፣ በዚህ ደብዳቤ አክብሮቴ ከልክ ያለፈ ቢመስልዎ የሙያ ልማድ ነው ብለው ይለፉኝ።

ልጄ ያለ ጊዜዋ የተወለደች፣ ከአባቷ መዳፍ ብዙም የማትተርፍ ልጅ ናት። ለመጥባት አቅም ስለሌላት ወተቱ በአፍንጫዋ በኩል በቀጭን ቱቦ ሆዷ ይገባል። የዱቄት ወተት ሲገባላት ሆዷ ይነፋል፣ ቆዳዋ ይወጠራል፣ እንደ ትልቅ ሰው ታቃስታለች። የእኔ ሲገባላት ትተኛለች። የክፍሉ ሐኪም ለእንደዚህ ያለች ልጅ ከእናቷ ወተት የሚሻል ነገር በመደርደሪያቸው ላይ እንደሌለ፣ ሆዷ እንዲህ እየተነፋ ከቀጠለ ደግሞ አንጀቷ ሊጎዳ እንደሚችል በግልጽ ነግረውኛል። የጉዳዬ ግንድ ይህ ነው፤ ከዚህ በታች የምዘረዝረው ሁሉ ቅርንጫፍ ነው።

እንግዲህ ምስጋናዬንና አቤቱታዬን፣ ሁለቱ እየተቀላቀሉብኝ ስለተቸገርኩ፣ በአንድ ተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ስለ ማሽኑ አመሰግናለሁ። ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት የነበሩ እናቶች ወተታቸው ውስጥ ምን እንዳለ ሳያውቁ፣ እንዲያው በድፍረት፣ ልጅ ሲያሳድጉ ኖረዋል። እኛ ግን በእርስዎ ዘመን ስለወለድን ታድለናል። በደንቡ መሠረት ወተታችንን በትንሿ ክፍል እናወጣለን። በሯ ላይ «የእናቶች ክፍል» ተብሎ ተጽፏል፤ እኛ እርስ በርሳችን «ጋጣ» እንላታለን፣ ሴት ተሰብስቦ መቼም ሳይቀልድ አይውልም። ጠርሙሶቻችን የየአልጋችን ቁጥር ተለጥፎባቸው ማቀዝቀዣ ውስጥ ቀጥ ብለው ያድራሉ። ጠዋት ባለሙያዎ መጥቶ ረጅም መርፌውን እስከ ጠርሙሱ ወለል ድረስ ሰድዶ ከሥር ጥቂት ይቀዳል፤ ማሽኑም ወተቱ ምን ያህል ስብ እንዳለው ይናገራል። ከዚያ በጠርሙሱ ላይ ወይ አረንጓዴ ወይ ቢጫ ወረቀት ይለጠፋል፣ ቅጂውም ለእናቲቱ ይሰጣል። አረንጓዴው «ሙሉ»፣ ቢጫው «ቀጭን» ማለት ነው። ቀጭን የተባለ ወተት ክብደቱ ላልሞላ ሕፃን እንዳይሰጥ ስለደነገጉ፣ ወተቱ ገንዳ ላይ ይደፋና ሕፃኑ የዱቄት ወተት ይሰጠዋል።

የእኔ ከመጀመሪያው ዕለት ጀምሮ ቢጫ ነው። ሲደፋም ቆሜ አይቻለሁ። ባለሙያዎ ደፍቶ ሲያበቃ ጠርሙሱን ያጥባል፤ ታዲያ አንገቱ ላይ የተጋገረው ቅባት በሙቅ ውሃም አልለቅ እያለው ሲያማርር ሰምቼዋለሁ። ስብ የለውም የተባለ ወተት ጠርሙሱን ለምን ቅባት በቅባት እንዳደረገው ያን ጊዜ ልጠይቀው ይገባኝ ነበር። እንቅልፍ ያጣ ሰው ግን ዓይኑ እያየ አያስተውልም።

፪ኛ. ግድግዳው ላይ ስላስለጠፉልን ትምህርት አመሰግናለሁ። እዚያ ላይ፣ ከእርስዎ ፊርማ በላይ፣ የእናት ወተት ከመቶው ሰማንያ ሰባት ያህሉ ውሃ እንደሆነ፣ ቀጥሎ ስኳር፣ ከዚያ ስብ፣ ከዚያም ጥቂት ፕሮቲን እንዳለው ተጽፏል። ፕሮቲኑ ጥቂት የሆነው የሰው ልጅ እንደ ጥጃ ለመሮጥ ስለማይቸኩል ይሆናል ብዬ ለራሴ ተርጉሜዋለሁ። ያለ ጊዜዋ የወለደች እናት ወተት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በፕሮቲን ከሌላው በለጥ እንደሚል፣ በሽታ የሚከላከልም ነገር በውስጡ እንዳለ፣ ስቡ ደግሞ በአንድ ማጥባት ውስጥ እንኳ እንደሚለያይ፣ ማለትም መጀመሪያ የሚፈሰው ሳሳ ብሎ መጨረሻ ላይ የሚመጣው ወፈር እንደሚል ሁሉ ሰፍሯል። እውነት ለመናገር ጥሩ ጽሑፍ ነው። ጋጣው ውስጥ ሌላ የሚነበብ ስለሌለ በቃሌ አጥንቼዋለሁ። ባለሙያዎ ወተቴን «ውሃ ነው» ማለቱም በጽሑፉ ስሌት ከመቶ ሰማንያ ሰባት ያህል ትክክል ስለሆነ ሙሉ በሙሉ አልተቀየምኩትም። የቀረችው አሥራ ሦስት ናት ልጄን የምታቆማት።

በዚሁ አጋጣሚ የምክር አገልግሎት ባለሙያዋንም ላመስግን። በደንብ እንድንበላ፣ ብዙ እንድንጠጣ፣ በተለይም ጭንቀት ወተት ስለሚያጎድል ፈጽሞ እንዳንጨነቅ አዘዘችን። ይህን ያዘዘችን ቢጫ ወረቀታችንን በየተራ እያደለችን ነው።

፫ኛ. ስለ ቢጫው ወረቀት ዝና። ወረቀቱ ሆስፒታል ውስጥ ብቻ የሚቀር መስሎኝ ነበር፤ ቤቴ ድረስ ቀድሞኝ ገባ። አማቴ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ነገር ግን በሄዱበት ሁሉ «እኛ ቤት ወተት ያነሳት ሴት ኖራ አታውቅም» ማለት ጀመሩ። ባለቤቴ የምሳ ሣህኔን ክዳን ከፍቶ ምን ያህል እንዳስተረፍኩ ያያል፣ ከዚያ ቀስ አድርጎ ይከድነዋል። የወለደችኝ እናቴ ብቻ በስልክ «አንቺስ በማን ወተት አደግሽ? ማሽን ለክቶልሽ ነው?» ብላ ሳቀችብኝ። አብሬያት ሳቅሁ፣ ስልኩን ስዘጋ አለቀስኩ። ክቡር ሆይ፣ አፍሬያለሁ። በሙያዬ ብዙ ሰው ጠረጴዛዬ ፊት ተቀምጦ «አፍሬያለሁ» ሲለኝ «ክብሬ ተነክቷል» ብዬ እጽፍለት ነበር። አንድ እንዳልሆኑ አሁን ገባኝ።

ይቅርታ፣ ወደ ጋጣ ተጠርቼ ሄጄ ነበር። ተመልሻለሁ። ያወጣሁት ከትናንቱ ያንሳል፤ እሱንም የማቆያው ነርስ ለነገ ምርመራ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገብታዋለች። ስለ ማነሱ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

፬ኛ. ማቀዝቀዣው ስለመበላሸቱ ልዩ ምስጋና አቀርባለሁ፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ከጽሕፈት ቤትዎ ያገኘሁት ትልቁ ውለታ እሱ ነውና። ማቀዝቀዣው በድንገት ዝም ሲልና የጥገናው ጥያቄ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲንከራተት፣ የአንዷ እናት ባል፣ ሁላችንም «ባለሞተሩ» የምንለው ባለሱቅ፣ የለስላሳ መጠጡን ሁሉ ከማቀዝቀዣው አውጥቶ ለጠርሙሶቻችን ቦታ ለቀቀልን። ማታ ይወስዳቸዋል፣ ጠዋት በረዶ ባለበት ሣጥን ከትቶ ከሞተር ሳይክሉ ኋላ አስሮ ያመጣቸዋል። ከሱቁ እስከ ሆስፒታሉ ያለውን መንገድ ክቡርነትዎ መስኮት ዘግተው ስለሚያልፉት አያውቁት ይሆናል፤ ቁርሱን ጠግቦ የተነሣ ሰው እዚህ ሲደርስ ምሳ የሚያምረው መንገድ ነው።

በማግስቱ ሁላችንም አረንጓዴ ሆንን። አንዳችንም አልቀረንም። ያን ሰሞን ልጄ የእኔን ወተት ጠጣች፣ ሆዷ ረገበ፣ ክብደቷም ከፍ አለ፤ እኔም ከወለድኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ላይ ተቀምጬ አንቀላፋሁ። አማቴ ጎረቤት ጠርተው ወረቀቴን አሳዩ።

እርስዎም ጊዜ ሳያጠፉ ማስታወቂያ አወጡ። «የምክር አገልግሎታችን ባስገኘው ውጤት እናቶች የወተታቸውን ጥራት በአስደናቂ ሁኔታ አሻሽለዋል» ይላል። ከሥሩ እርስዎ፣ ምክትልዎና የምክር ባለሙያዋ ፈገግ ብላችሁ የተነሳችሁት ፎቶ አለ። ባለሞተሩ ፎቶው ውስጥ የለም፤ ያን ሰዓት ከጉድጓድ ጉድጓድ እየዘለለ የእኛን ጥራት በማሻሻል ላይ ነበር።

ከዚያ ማቀዝቀዣው ተጠገነ። ጠርሙሶቻችን እንደ ወትሮው ቀጥ ብለው፣ ማንም ሳይነካቸው፣ ተከብረው አደሩ። ጠዋት ሁላችንም ቢጫ። ሁለተኛው ማስታወቂያ «በእናቶች በኩል መዘናጋት ተስተውሏል» የሚል ነበር። ቀጥሎም ምን በላችሁ፣ መቼ ተኛችሁ፣ ማን አስቆጣችሁ እየተባለ በየተራ ተጠየቅን። አንዷ እናት ሻይ ታበዛለች ተብሎ ሻይዋ ተቀነሰ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ የሚባለውን ተረት እስከዚያ ቀን በቅጡ ተረድቼው አላውቅም ነበር፤ ስላስረዱኝ አመሰግናለሁ።

፭ኛ. ስለ ወንጀሌ። መቀመጥ አልችልም ብዬዎታለሁ። በኮሪደሩ ስመላለስ አሰብኩ፤ ምግባችን ያው፣ ውሃችን ያው፣ ጭንቀታችን ያው፣ ጡታችን ያው። የተለወጠው ጠርሙሶቻችንን እያንገላታ ያመጣ የነበረው መንገድ ብቻ ነው። ወተት ቆሞ ካደረ ቅባቱ ወደ ላይ ወጥቶ እንደሚሰፍር ደግሞ ወተት የተቀመጠበት ቤት ያደገ ሁሉ ያውቃል፤ ባለሙያዎም ጠርሙስ ሲያጥብ እጁ ያውቃል። ስለዚህ በአንድ ጊዜ በአንድ ዕቃ ያወጣሁትን ወተት ወዲያው ከሁለት ጠርሙስ እኩል ከፈልኩትና ማቀዝቀዣ ውስጥ ጎን ለጎን አሳደርኳቸው። ጠዋት ባለሙያዎ ከመግባቱ በፊት አንዱን ጠርሙስ በእጄ መዳፍ ውስጥ ቀስ እያልኩ ገለባበጥኩት፤ አንገቱ ላይ የነበረው የቅባት ቀለበት ሟሙቶ እስኪጠፋ ድረስ። ሌላውን አልነካሁትም። የተገለበጠው አረንጓዴ፣ ያልተገለበጠው ቢጫ ሆነ። የአንድ ጡት፣ የአንድ ሰዓት ወተት ነው።

ሁለቱን ጠርሙሶች በሁለት እጄ ይዤ ቢሮዎ መጣሁ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ሰው የጠፋበትን ቁልፍ ሲያገኝ እንደሚሆነው ደረጃውን በሩጫ ነው የወጣሁት። እርስዎ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ ምክትልዎ ተቀበሉኝ። ነገሩን በትዕግሥት ሰሙኝና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፤ «ጠርሙሱን ነካሽው?» «ገለበጥኩት» አልኩ። «እንግዲያው ናሙና አበላሽተሻል» አሉኝ። አረንጓዴው ወረቀት እዚያው ፊቴ ተላጠ፣ ሁለቱም ጠርሙሶች ተደፉ፣ ከሰዓት በኋላም ማቀዝቀዣው አጠገብ እንዳልደርስ የሚያዝ ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ደረሰኝ። ማስጠንቀቂያው በጣም ጥሩ ተደርጎ ተጽፏል፤ በሙያዬ አንድ ቃል አልለውጥበትም።

በኋላ እንደተነገረኝ ምክንያቱ አረፋ ነው። ጠርሙስ ከተነቀነቀ አረፋ ይወጣል፣ አረፋው ማሽኑን ያደናግረዋል፣ ስለዚህ ናሙና ሳይነቀነቅ፣ አረፋ ከማይደርስበት ከሥር ይቀዳል። እኔም ናጡት አላልኩም፤ ቀስ ብላችሁ ገልብጡት፣ አረፋ ካለም እስኪጠፋ ጠብቁ ነው ያልኩት። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ ጽሕፈት ቤትዎ ግን ነገሩን ትቶ ወተቱን ከሥሩ ያዘ። ማሽኑ እንዳይደናገር ልጄ ሆዷ ይነፋ። ይህን ለምክትልዎ፣ ለምክር ባለሙያዋ፣ ለዘበኛው ሳይቀር በየተራ አስረዳሁ፤ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነብኝ። ከሁሉም የተሻለ የሰማኝ ዘበኛው ነው፣ ቢያንስ ራሱን ነቀነቀ።

እዚህ ላይ ደግሞ ነርሷ ጠርታኝ ሄጄ ነበር። ልጄ የጠዋቱን ዱቄት መልሳዋለች። ሆዷን በጣቴ ነካሁት፤ እንደ ከበሮ ሆኗል። ሐኪሙ መጥተው አይተዋታል፤ ለጊዜው ዱቄቱ እንዲቆም አዝዘው የእኔን ወተት ጠየቁ። የተመረመረው ወተቴ የት እንዳለ ነርሷ በዓይኗ ወደ ገንዳው አሳየቻቸው።

፮ኛውን የምጽፈው እየቸኮልኩ ስለሆነ ፊደሌ ባያምር አይፍረዱብኝ። ወተቴ እየነጠፈ ነው። በመጀመሪያው ሰሞን ጠርሙሱን እስከ አንገቱ እሞላ ነበር፤ አሁን ወለሉን ከሸፈነ ደግ ነው። ጡት የሚሰጠው የሚፈልገው እስካለ ድረስ ነው ይላሉ። ስለ ሌላዋ እናት አላውቅም፣ እኔ ግን ጋጣው ውስጥ ስገባ ልጄን ሳይሆን ገንዳውን ነው የማየው፤ ለገንዳ ደግሞ ወተት አይወርድልኝም። ፈርቻለሁ። ወተቴ ቀጭን ይሆናል ብዬ አይደለም የምፈራው። እናንተ እስክትስማሙ ድረስ እኔ ዘንድ ምንም ወተት እንዳይቀር ነው።

እንግዲህ የምለምንዎ ቀላል ነው። ባለሙያዎ መርፌውን ከመስደዱ በፊት ጠርሙሱን ቀስ አድርጎ ይገልብጠው፤ አረፋ ካለም እስኪጠፋ ይታገሥ። እኔ እንዳልነካው ከተፈለገ ጓንት ያደረገ፣ ቃለ መሐላ የፈጸመ፣ ሦስት ምስክር የቆመለት ሰው ይገልብጠው። እስከዚያው ድረስ ወረቀቱ ቢጫም ቢሆን ወይን ጠጅ፣ ወተቴ ለልጄ ይሰጥልኝ። ተገልብጦም ቀጭን ከተባለ ፍርዱን እቀበላለሁ፤ አማቴም እንዲቀበሉ አደርጋለሁ። ይህን ሁሉ ቅር ሳይልዎ እንደሚመለከቱልኝ አልጠራጠርም፤ ክቡርነትዎ ለልጆቻችን ክብደት ከእኛ ይልቅ እንደሚጨነቁ በሁለት ማስታወቂያዎች አረጋግጠውልናልና።

ዕድሜዎን ያርዝምልዎ፣ ማሽንዎን ከአረፋ ይጠብቅልዎ፣ የሚሄዱበት መንገድ ሁሉ ለጥ ያለ ይሁንልዎ እያልኩ፣ መቀመጥ ከተሳነው አክብሮቴ ጋር እሰናበታለሁ።

የመስኮቷ እናት
የሰው አቤቱታ ስትጽፍ ኖራ ዛሬ በራሷ የደረሰባት

ግልባጭ፦
ለማቆያው ማስታወቂያ ሰሌዳ፣ ከፎቶው አጠገብ እንዲለጠፍ
ለጋጣው በር፣ ከውስጥ በኩል
ለባለሞተሩ፣ ለመረጃ ያህል

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦ ይህን ደብዳቤ በማግስቱ ሰሌዳው ላይ ለመለጠፍ ስወርድ የጽሕፈት ቤትዎ መልእክተኛ ደረጃው ላይ አገኘኝ። በቃል ያቀረብኩትን አቤቱታ የሚያጠና ኮሚቴ መቋቋሙን፣ ኮሚቴውም ሥራውን ለመጀመር ከእኔ ያልተነካ ትኩስ ናሙና እንደሚያስፈልገው የሚገልጽ ወረቀት ሰጠኝ። ስለ ፍጥነታችሁ በእጅጉ አመሰግናለሁ። ችግሩ፣ ዛሬ ጠዋት ከሁለቱም ጡቶቼ የወጣው የጠርሙሱን ወለል ያራሰ ብቻ ነበር። እኔው ራሴ ገለበጥኩት፤ ማን በቱቦው እንደሰጠቻት ግን አይጠይቁኝ። ልጄ ተኝታለች፣ ሆዷም ለስላሳ ነው። የኮሚቴውን ድርሻ ጠጥታዋለች።